አሮጌ መኪናን ራስ መጠገን ወይስ ለመካኒክ መስጠት? ኮፈኑ ከመከፈቱ በፊት የሚደረግ ስሌት

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከሚመላለሱት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው ልጆች በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ አሻቀበ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሸጦ የተሻለ መግዛት እንደ ቀድሞው ስለማይቀለው በእጁ ያለችውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ይሆንበታል። አዲስ ድምፅ በተሰማ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በበራ ቁጥርም ያው ጥያቄ ይመጣል፤ ራሴ ልሞክረው ወይስ መካኒክ ልጥራ?

ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ የሚነሣው ብልሽትን ማወቅና ብልሽትን መጠገን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ከመሆናቸው ነው። የማወቁን ሥራ የመኪናው ባለቤት በተቻለው መጠን ራሱ ሊጀምረው ይገባል። የመጠገኑን ሥራ ግን ቢሳሳት የሚደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ መዝኖ፣ ገሚሱን ለራሱ ሊይዝ፣ ገሚሱን ያለ ማመንታት ለባለሙያ ሊሰጥ ይገባል።

ይህን ያስተማረችኝ በቤታችን ያለችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2004 ሥሪት የሆነች ቶዮታ ያሪስ ናት። አንድ ጠዋት ሞተሯ ከተነሣ በኋላ በቆመበት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዳገት ላይም ጉልበት አጣች። የወሰድኩበት ጋራዥ የተቀበለኝ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ካዳመጠ በኋላ ሞተሩ መውረድ እንዳለበት ነገረኝ፤ የጠየቀኝ ገንዘብም የብዙ ወር ደመወዜን የሚበላ ነበር። እንደማስብበት ነግሬው መኪናዋን በዝግታ ወደ ቤት መለስኳት።

በማግስቱ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የኮድ ማንበቢያ ከጓደኛዬ ተውሼ ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ላይ ሰካሁት። የወጣው ኮድ ፒ 0303 ነበር፤ ትርጉሙም ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ኮዱ የታመመውን ሲሊንደር እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም፤ ጥፋቱ የካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ የኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ የኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው) ወይም የሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ የሚፈጥረው ግፊት) ሊሆን ይችላል። በዚህ ሞተር ላይ ግን እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው፤ ኮይሉን የያዘውም በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ አንድ ቡሎን ብቻ ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ የሦስተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከመጀመሪያው ጋር አቀያየርኩ፤ ኮዱን አጥፍቼም ሞተሩን አስነሣሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የወጣው ኮድ ፒ 0301 ሆነ፤ ብልሽቱ ከኮይሉ ጋር አብሮ ቦታ ቀይሯል ማለት ነው። የተበላሸውን ኮይል ለናሙና ይዤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ፤ አንድ ኮይል ገዝቼ ገጠምኩ፤ መንቀጥቀጡም ቆመ። ኮዱ ባይዛወር ኖሮ ካንዴላውን በዚያው መንገድ አቀያይሬ አይ ነበር፤ ያም ካልሆነ ኮምፕሬሽን ወደሚለካ መካኒክ እሄዳለሁ። ያን ጊዜም የምሄደው «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ ኮይሉንና ካንዴላውን አረጋግጫለሁ» ብዬ ስለሆነ ውይይታችን ሌላ ይሆናል።

የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ

በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ይህን ጥያቄ የሚመልሰው በሌላ ስሌት ነው። እዚያ ጋራዥ ለአንድ ሰዓት ሥራ ከመቶ ዶላር በላይ ማስከፈሉ የተለመደ ሲሆን ዕቃው በአንጻሩ ርካሽ ነው፤ መለዋወጫ ከሚሸጡ መደብሮች አንዳንዶቹም መሣሪያ በማስያዣ ያውሳሉ። ስለዚህ እዚያ ራሱ የሚጠግን ሰው የሚያተርፈው የእጅ ዋጋውን ነው። በእኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለስሌት ያህል የአንድ ዕቃ ዋጋ 6,000 ብር፣ መካኒኩ ለእጁ የሚጠይቀው 800 ብር ነው እንበል። ራስዎ ገጥመውት የሚተርፍዎት 800 ብር ነው፤ ዕቃው ሳይበላሽ በግምት ከተቀየረ ግን የሚባክነው 6,000 ብር ነው፤ ብልሽቱም እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ በዚህ አገር አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ዋና ትርፉ መፍታትና መግጠሙ ላይ አይደለም፤ ያልተበላሸ ዕቃ እንዳይቀየርበት ማድረጉ ላይ ነው።

መሣሪያ ሲገዙም በዚሁ ሐሳብ ይግዙ። የ8፣ የ10፣ የ12 እና የ14 ቁጥር ቁልፎች ለአብዛኛው የቶዮታ ቀላል ሥራ ይበቃሉ። ከእነርሱ ጋር ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ደህና ክሪክና የኤሌክትሪክ ቴስተር ካለዎት የቤትዎ መሣሪያ ሙሉ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያስፈልግ ውድ መሣሪያ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ላለው ሰው የእጁን ዋጋ መክፈል ይሻላል።

ከመፍታትዎ በፊት ራስዎን የሚጠይቁት

ሥራው ይቻለኝ ይሆን ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቪዲዮ ላይ ሲያዩት ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል። ብሳሳት የሚጎዳው ምንድን ነው ብለው ይጠይቁ። የአየር ፊልትሮ በደንብ ባይገጠም ሞተሩ አቧራ ይስባል፤ ነገሩ መጥፎ ቢሆንም በማግስቱ አይቶ ማስተካከል ይቻላል። የፍሬን ቱቦ በደንብ ባይጠብቅ ግን የሚጎዳው ሰው ነው።

ቀጥሎም ስሕተቴን ከግቢ ሳልወጣ ላውቀው እችላለሁ ወይ ብለው ይጠይቁ። በአግባቡ ያልታሰረ ባትሪ ሞተሩን አያስነሣም፤ ስሕተቱ እዚያው ይታያል። በአግባቡ ያልተገጠመ ቴስቲና (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) ግን ግቢ ውስጥ ምንም ሳያሳይ ቆይቶ በፍጥነት መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። በመጨረሻም ሥራው መካከል ላይ ቢያቅተኝ መኪናዋ ተነሥታ ወደ ጋራዥ መሄድ ትችላለች ወይ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ግማሽ አካሏ ተፈትቶ የቆመች መኪና የማስጎተቻ ወጪ አለባት፤ የጎረቤትን መተላለፊያም ትዘጋለች፤ ሌላ ሰው የፈታውን የሚረከበው መካኒክም ምን እንደጎደለ ስለማያውቅ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። ለሦስቱም ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው ሥራ የእርስዎ ነው፤ አንዱ እንኳ ካጠራጠረ ግን ለመካኒክ ይሰጥ።

በቤት የሚሠራው

የአየር ፊልትሮ፣ አምፖል፣ ፊውዝና የዝናብ መጥረጊያ መቀየር ማብራሪያ አያሻውም። ባትሪውን ደግሞ ለማንም ከማሳየትዎ በፊት በቴስተር ይለኩት። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካነበበ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ እየሠራ ነው፤ ከ13 በታች ከቀረ ግን ጥፋቱ ከዲናሞው ወይም ከሽቦው በኩል ስለሆነ አዲስ ባትሪ መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ በሚዞርበት ቅጽበት ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ኔጌቲቩን አስቀድመው፣ ፖዘቲቩን አስከትለው ይፍቱ፤ በሙቅ ውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ኔጌቲቩን በመጨረሻ ይሰሩት። መኪናው ላይ ኤርባግ ካለ ባትሪው ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ሳይቆዩ መሪውና ዳሽቦርዱ አካባቢ ምንም አይንኩ።

ካንዴላ መቀየርም ለትዕግሥተኛ ሰው የቤት ሥራ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አቧራ ተነፍቶ ከወጣ በኋላ ካንዴላዎቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ፤ የወጡበትን ቅደም ተከተል ሳያዛንፉ ወረቀት ላይ ይደርድሯቸው። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሲሊንደሩ ደህና ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፤ በዘይት ከረጠበ ግን ሞተሩ ዘይት ወደ ማቃጠያው እያስገባ ስለሆነ አዲስ ካንዴላ አይፈውሰውም። አዲሱ ካንዴላ ሲገባ መፍቻውን ያለ እጀታ በጣትዎ ብቻ ያዙሩት። ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው፤ ካንዴላው ገና በመጀመሪያው ዙር ከከበደ ክሩን ስቷልና መልሰው አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። በጣት እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ አዲስ ቀለበት ያለው ካንዴላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ቢጠብቅ ይበቃዋል። በዚህ ሥራ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ትልቁ የሚመጣው ከጉልበት ብዛት ነው።

የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መቀየር ቀላል ቢሆንም ከመኪናው ሥር መግባትን ይጠይቃል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ፤ ድንጋይና ብሎኬትም ሊሰነጠቅ ስለሚችል መደገፊያ አይሆንም። ትክክለኛ የብረት መደገፊያና ደልዳላ ወለል ከሌለዎት ጉድጓድ ወይም ሊፍት ወዳለበት ሰርቪስ ቤት ወስደው፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን ራስዎ ገዝተው፣ ቆመው ያሠሩት። ያሪሷ ፊልትሮው አብሮ ሲቀየር የምትወስደው 3.7 ሊትር ገደማ ነው፤ አራት ሊትሩን በሙሉ መገልበጥ አያስፈልግም።

መኪና ስትግል

በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የብዙ አሮጌ መኪና ሞተር የሚሞተው በሙቀት ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች በክፍት ዕቃ ያለ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የያሪሷ ቴርሞስታት (ውኃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፈተው በር) መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲሆን ሞተሩ በመደበኛ ሥራው 90 ዲግሪንና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እንግዲህ ራዲያተሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ሞተርም እዚሁ ከተማ ውስጥ ውኃውን ያፈላው ነበር። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ይህ ክዳን ግፊቱን አፍኖ በመያዝ የመፍሊያውን ነጥብ በእኛ ከፍታም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ግፊት አይዝም፤ መኪናዋ ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ከርማ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወጣው ዳገት ላይ ትፈላለች።

ስለዚህ መኪናዋ ስትግል ፍተሻዎ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሂድ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ በሙቀቱ ግን በፍጹም ሳይሆን፣ ክዳኑን ከፍተው የውኃውን መጠንና የክዳኑን ላስቲክ ይዩ። ቺንጊያው አለመላላቱንና አለመሰንጠቁን፣ ፋኑ ሞተሩ ሲሞቅ መነሣቱን፣ ጎማ ቱቦዎቹ አለመርጠባቸውን ይመልከቱ። ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ይመጣል፤ ወጥቶ በድስት ውኃ ውስጥ ቢሞቅ መከፈት አለመከፈቱ በዓይን ይታያል። በአንዳንድ ጋራዦች ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መፍትሔ ይወሰዳል፤ እኔ አልስማማም። ያለ እርሱ የሚሠራ ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፤ ውስጡም ያለ ዕድሜው ያልቃል። የቧንቧ ውኃን ለዘለቄታው በኩላንት ቦታ መጠቀምም ራዲያተሩንና ፓምፑን ያዝጋል።

ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተነሣ፣ በዘይት መክደኛው ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከተጋገረ፣ ወይም የትም ሳይንጠባጠብ ውኃ እየጎደለ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ከወጣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መቃጠሉ ያስጠረጥራል። እዚህ ላይ የእርስዎ ሥራ ያበቃል። ሞተሩን አጥፍተው መኪናዋን ያስጎትቱ፤ «ሰፈር ድረስ ብቻ» ተብሎ በግለት የተነዳ መኪና ቴስታታው ይጣመምና ጋርኒሲዮን በመቀየር ሊያልቅ የነበረው ሥራ ቶርኖ ቤት ያስገባል።

ለመካኒክ የሚሰጠው

የፍሬን ሸራ ውፍረት ጎማው ሲወልቅ በዓይን ስለሚታይ ማየቱ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከቀረው ይቀየር። መቀየሩን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለሙያ ጎን ቆመው ይማሩት። የፍሬን ዘይት፣ ቱቦና ፓምፕ፣ የመሪ መገጣጠሚያዎች፣ የነዳጅ መስመር፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን፣ ኤርባግ፣ እንዲሁም በኃይል ታምቆ የተቀመጠው የፊት ሞላ ሁሉም የመካኒክ ናቸው። አምስት ኤል የተባለው የናፍጣ ሞተር ያለበት ሃይሉክስ ወይም ሃይስ የያዘ ሰው ደግሞ የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማውን የታይሚንግ ቺንጊያ በ100,000 ኪሎ ሜትር ማስቀየሩን አይርሳ፤ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። የያሪሷ ሞተር በሰንሰለት ስለሚሠራ ይህ ስጋት የለባትም።

የራስ ምርመራም ወሰን አለው። አንድ ጊዜ ከሞተሩ በቺንጊያው በኩል የሚፈጭ ድምፅ ይወጣ ጀመርና የውኃ ፓምፑ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፓምፑን ልገዛ ስል ጎረቤታችን በሰፈሩ ወዳሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰደኝ። «ቆይ ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት እንስማው» አሉኝና ረጅም ካቻቪቴ አንሥተው ጫፉን በፓምፑ አካል ላይ አቆሙ፤ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ገጥመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ ዲናሞው አዛወሩትና ጆሮዬን እንዳስጠጋ ጠሩኝ። ፓምፑ ላይ ለስላሳ እፍታ ብቻ ነበር፤ ዲናሞው ላይ ግን ጠጠር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እንደሚንከባለል ያለ ድምፅ ተሰማኝ። የተቀየረው የዲናሞው ኩሽኔት ሆነ። የከፈልኳቸው ገንዘብ ከፓምፑ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም፤ የገዛሁት ጆሯቸውን ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ካገኙ በሌላ ቀን ለቀላሉም ሥራ ቢሄዱለት አይከፋም።

ወደ መካኒክ ሲሄዱ የሚናገሩት ያዩትንና የሰሙትን ይሁን እንጂ የደመደሙትን አይሁን። «ፓምፑን ቀይርልኝ» ካሉት ፓምፑን ይቀይርልዎታል፤ «ጠዋት ሲነሣ የለም፣ ሲሞቅ ይመጣል፣ መሪ ሳዞር ይብሳል» ካሉት ግን እንዲመረምር ይገደዳል። የእጅ ዋጋውን ከመፈታቱ በፊት ይስማሙ፤ ሌላ ብልሽት ቢገኝ ሳይደውልልዎት እንዳይነካ ያስረዱት። ዕቃ ሲገዛ ናሙናውንና የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን የሊብሬ ኮፒ ይዘው ቢችሉ ራስዎ ይሂዱ፤ በታወቀ ስም ካርቶን ውስጥ የተሸጠ ሁሉ ኦርጅናል ስላልሆነ ክብደቱን፣ የጽሑፉን ጥራትና ክሩን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ ይረከቡ። ይህን በትሕትና ከጠየቁት ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ አይቀየምም።

ስለ መኪናዋ ዋጋም አንድ ነገር ልጨምር። የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ከበለጠ ሽጣት የሚለው ምክር ምትክ በቀላሉ ለሚገኝበት አገር የተሰፋ ልብስ ነው። እዚህ የሚነጻጸረው ጥገናው ከሸጡ በኋላ ተመሳሳይ መኪና ለማግኘት ከሚጨመረው ገንዘብ ጋር ነው። ሞተርና ካምቢዮ በገንዘብ ይተካሉ፤ ወለሉና ሻንሲው በዝገት የተበላ መኪና ላይ ግን ሞተር ማሳደስን አልመክርም።

ጥገናውን የሠራው ማንም ይሁን ማን የዚያን ቀን ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ፤ ጎማ ወልቆ ከነበረም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጥቁር ጠብታ ካዩ የሞተር ዘይት ነው፤ ቀላ ብሎ የሚያንሸራትተው አብዛኛውን ጊዜ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ነው፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው ኩላንት ነው። ከጎማ አጠገብ የወደቀ፣ ቢጫ ቢጤ ወይም ቀለም የሌለው፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ጠብታ ካገኙ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላልና ሞተሩን አያስነሡ፤ መካኒኩን ደውለው መኪናዋ ወዳለችበት ያስመጡት።